በቅነሳ የተሰናበተ ሠራተኛ ስንብቱ እንዴት ይሰላል? የ60 ቀኑ ክፍያና የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አንድ ናቸው?

ቲጂ ከሳሪስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ሕግ ወይም የደመወዝ ሒሳብ የምታውቁ ብታዩልኝ።

አዲስ አበባ ያለ የግል ማተሚያ ድርጅት ነው፤ 140 ያህል ሠራተኛ አለው። ሥራ ቀዝቅዟል በሚል ከኅትመትና ከጥረዛ ክፍል 18 ሰው በአንድ ቀን ቀንሷል። እኔም አንዷ ነኝ። ደብዳቤው የተሰጠን ሚያዝያ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን ውላችሁ ከዛሬ ጀምሮ ተቋርጧል ይላል።

የተቀጠርኩት ጥር 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። መሠረታዊ ደመወዝ 18,000 ብር፣ የትራንስፖርት አበል 2,500 ብር። ካለፈው ዓመት ያልወሰድኩት 11 ቀን የዓመት ፈቃድ አለኝ።

ሒሳብ ክፍሉ ያወጣልኝ ይኼ ነው፦
የሥራ ስንብት 54,000 ብር
የ2 ወር ማስጠንቀቂያ 36,000 ብር
የ11 ቀን ፈቃድ 6,600 ብር
ድምር 96,600 ብር

በቅነሳ ለሚሰናበት ሰው የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል ሲባል ሰምቼ ብጠይቅ «እሱ ማለት የሁለት ወሩ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ተካቷል» አሉኝ። የሙከራ ጊዜም በአገልግሎት አይቆጠርም፣ ዓመት ያልሞሉት ወራትም አይታሰቡም ብለዋል። ልክ ነው?

ሒሳብ ሹም፦

እህቴ፣ ልክ አይደለም። የሚበልጠው ስህተት ያለው 60 ቀኑ ላይ ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማስጠንቀቂያው ያለው አንቀጽ 35 ላይ ነው። የ60 ቀኑ ክፍያ ያለው አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ነው። ማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው፦ አሠሪው ውሉን ከማቋረጡ በፊት ሁለት ወር ቀደም ብሎ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ ካላሳወቀ የዚያን ጊዜ ደመወዝ ይከፍላል። 60 ቀኑ ግን በቅነሳ ወይም ድርጅቱ በኪሳራም ሆነ በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው በመዘጋቱ ለተሰናበተ ሠራተኛ ከመደበኛው ስንብት በላይ የሚጨመር ነው። ልዩነቱን ለማየት እንዲህ አስቢው፦ ደብዳቤው የካቲት 30 ተሰጥቶሽ ሁለቱን ወር ሠርተሽ ቢሆን ኖሮ የማስጠንቀቂያ ክፍያ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፤ የሠራሽበትን ደመወዝ ብቻ ትቀበያለሽ። 60 ቀኑ ግን ያኔም ይከፈልሽ ነበር። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ሊተካ አይችልም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። መነሻው የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። በወር ለሚከፈለው ሠራተኛ ብዙ ሒሳብ ክፍሎች ደመወዙን ለ30 ያካፍላሉ፤ የአንቺም ወረቀት የተሠራው እንደዚያ ነው። 18,000 ÷ 30 = 600 ብር በቀን። የትራንስፖርት አበሉ አይገባም፤ አንቀጽ 53 የትራንስፖርት አበልን፣ የውሎ አበልን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ ቦነስንና ኮሚሽንን ከደመወዝ ትርጉም ያወጣቸዋል። እዚህ ላይ ድርጅቱ ልክ ነው።

የአገልግሎት ዘመን፦ ከጥር 1 ቀን 2011 እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2018 ድረስ 7 ዓመት ከ4 ወር ነው። የሙከራ ጊዜን መቀነስ አይቻልም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፣ ሠራተኛው እሱን ጨርሶ ሥራውን ከቀጠለ ደግሞ ውሉ ሙከራው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ እንደተመሠረተ ነው አንቀጽ 11 የሚለው። የስንብት መብት ሙከራ ለጨረሰ ሠራተኛ ነው መባሉ መብቱ ማን ዘንድ እንዳለ ይናገራል እንጂ ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር አይደለም። የሰው ሀብት ክፍሎች ሁለቱን ደጋግመው ያምታታሉ።

ስንብቱ ራሱ፦
የመጀመሪያው ዓመት 30 × 600 = 18,000 ብር።
ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ ይጨመራል፤ ሲሶው 6,000 ብር ነው። 6 ዓመት × 6,000 = 36,000 ብር።
የ4 ወሩ 6,000 × 4 ÷ 12 = 2,000 ብር።
የስንብት ድምር 56,000 ብር።

ወራቱን የጣሉበት ምክንያት አዋጁ «ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት» ስለሚል ይመስለኛል። ነገር ግን ያው አንቀጽ ከአንድ ዓመት ያነሰ አገልግሎት ተመጣጣኙ እንዲከፈል ያዛል። 8 ወር ብቻ የሠራ ሰው የ8 ወሩን እያገኘ፣ ሰባት ዓመት የሠራው ትርፍ ወራቱን ይጣልበት ማለት ትርጉም አይሰጥም። ወራቱን አስልተሽ ጠይቂ።

በዚህ ላይ የቅነሳው ተጨማሪ 60 × 600 = 36,000 ብር።
ማስጠንቀቂያ ስላልተሰጠ የሁለት ወር ደመወዝ 36,000 ብር።

የዓመት ፈቃዱም ጎድሏል። ከመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ተነሥቶ በየተጨማሪ ሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ስለሚጨመር ሰባት ዓመት ስትሞዪ መብትሽ 19 ቀን ደርሷል። ካለፈው የተረፈው 11 ቀን እንዳለ ሆኖ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ የሠራሽባቸው የ4 ወራት ድርሻ 19 × 4 ÷ 12 = 6.33 ቀን አለሽ። ድምሩ 17.33 ቀን። ፈቃድ የሚቆጠረው በሥራ ቀን ስለሆነ በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራ ድርጅት ወርን በ26 የሥራ ቀን ማስላት የተለመደ ነው፦ 18,000 ÷ 26 × 17.33 = 12,000 ብር። ለ30 አካፍለው የሥራ ቀንን በካሌንደር ቀን ዋጋ ከፍለውሻል።

ሁሉም ሲደመር፦ 56,000 + 36,000 + 36,000 + 12,000 = 140,000 ብር፣ ግብር ሳይነሣ። ከወረቀቱ ጋር ያለው ልዩነት 43,400 ብር ነው።

ስለ ጣሪያው ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ፦ መደበኛው ስንብት ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። የመጀመሪያው ዓመት አንድ ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ሲሶ ወር ከሆነ 12 ወር የሚሞላው በ34ኛው ዓመት ነው። ስለዚህ ጣሪያው የሚነካው ሰው በጣም ጥቂት ነው። «ጣሪያ አለው» እየተባለ የ15 ዓመት ሠራተኛ ክፍያ ሲቆረጥ ካያችሁ ሒሳቡን ጠይቁ። የ60 ቀኑ ደግሞ ከጣሪያው በኋላ በተለየ ንዑስ አንቀጽ የመጣ ተጨማሪ ነው።

የማኅበር ጸሐፊ፦

ከላይ የተሰላው ጥሩ ነው። ለ30 ማካፈሉ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። አዋጁ የወር ደመወዝን ለ30 አካፍሉ አይልም፤ የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው የሚለው። ሳምንቱ ስድስት የሥራ ቀን ከሆነ የቀን ደመወዙ 18,000 ÷ 26 = 692.31 ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። እንደዚያ ከተያዘ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ 20,769 ብር ይሆናል። አሠሪዎች በሌላ ወገን የወር ደመወዝ የዕረፍት ቀንንም ይሸፍናል፣ 30 ጊዜ የተባለውም ወር ለማለት ነው ይላሉ። የኅብረት ስምምነት ያላቸው ድርጅቶች የሚካፈልበትን ቁጥር በስምምነቱ ውስጥ ቁርጥ አድርገው መጻፍ አለባቸው፤ ይኼን ክርክር ከሥሩ የሚነቅለው እሱ ነው። ስምምነቱ ከአዋጁ የተሻለ ስንብት የሚሰጥ ከሆነም የሚሠራው የስምምነቱ ስለሆነ እህታችን መጀመሪያ ማኅበር ካላችሁ የኅብረት ስምምነቱን ቅጂ ትጠይቅ።

አበሎች ላይም ሁሉንም በአንድ ጅራፍ መግረፍ አይገባም። የትራንስፖርቱ በግልጽ ወጥቷል። የቤት አበልና የኃላፊነት አበል ግን በአንቀጽ 53 ከወጡት ዝርዝር ውስጥ በስማቸው አልተጠሩም። በየወሩ በቋሚነት የሚከፈሉ ከሆነ ለሥራ የሚሰጥ መደበኛ ክፍያ ናቸው ብሎ መከራከር ይቻላል። ውጤቱ በውሉ አጻጻፍና ክፍያው ለምን እንደሚሰጥ በሚቀርበው ማስረጃ ላይ ይወሰናል። አንዳንድ ድርጅቶች መሠረታዊ ደመወዙን ዝቅ አድርገው ቀሪውን አበል የሚሉት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ስንብት፣ ጡረታ፣ ትርፍ ሰዓት ሁሉ ከመሠረታዊው ላይ ስለሚሰላ ሠራተኛው ሳያውቀው በሁሉም በኩል ይጎዳል። ስትቀጠሩ ጠቅላላውን ገንዘብ ብቻ አትዩ።

በቁራጭ ወይም በቀን ክፍያ ለሚሠራ፦ የመጨረሻው ሳምንት ገቢ በዚያ ሳምንት ለተሠሩት ቀናት ይካፈላል። ልብስ ስፌት ላይ ያለች ሠራተኛ በመጨረሻው ሳምንት በስድስት ቀን 2,700 ብር ካገኘች የቀን አማካይዋ 450 ብር ነው። የትርፍ ሰዓት ካለበት መጀመሪያ ይነሣል። ሁለት ዓመት ሞልታ በቅነሳ ብትወጣ፦ 13,500 + 4,500 = 18,000 ብር ስንብት፣ በዚህ ላይ 60 × 450 = 27,000 ብር፣ ጠቅላላ 45,000 ብር። አያችሁ፣ አገልግሎቷ አጭር ለሆነ ሠራተኛ የ60 ቀኑ ከስንብቱ ከራሱ ይበልጣል። አሠሪው ዝም ካለበት የምታጣው ከግማሽ በላይ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት የክፍያ ወረቀትና የምርት መመዝገቢያ ፎቶ አንሡ። ከሥራ ከወጡ በኋላ እሱን ማግኘት ፈተና ነው።

ችሎት ተመላላሽ፦

ሒሳቡን ሌሎች ስለጨረሱት እኔ ከሒሳቡ በፊት ባለው ላይ ላተኩር፤ የ60 ቀኑ መብት የተንጠለጠለው «ቅነሳ» በሚለው ቃል ላይ ነውና።

አንቀጽ 29 ቅነሳ የሚለው የትኛውንም ስንብት አይደለም። ምክንያቱ በአንቀጽ 28 ከተዘረዘሩት የድርጅት ምክንያቶች አንዱ መሆን አለበት፦ ሥራው በከፊል ወይም በሙሉ በቀጥታና ለዘለቄታው መቆሙ፣ የምርቱ ወይም የአገልግሎቱ ተፈላጊነት በመቀነሱ ሥራው ወይም ትርፉ ማሽቆልቆሉ፣ ወይም ምርታማነትን ለማሳደግ የአሠራር ለውጥ ወይም አዲስ ቴክኖሎጂ መግባቱ። ቀጥሎ ቁጥር አለ፦ ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ከሠራተኞቹ ቢያንስ 10 በመቶ፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው መነካት አለበት። የሠራተኛው ቁጥር ሲባልም በደብዳቤው ዕለት ያለው አይደለም፤ ከቅነሳው በፊት በነበሩት 12 ወራት የነበረው አማካይ ነው።

በእርስዎ ጉዳይ አማካዩ 140 ከሆነ 10 በመቶው 14 ነው፣ 150 ቢሆንም 15 ነው። 18 ሰው ስለተቀነሰ መስፈርቱ ተሟልቷል። እንዲህም ሆኖ ደብዳቤው «ቅነሳ» የሚለውን ቃል ይዞ እንደሆነ ይመልከቱ። አንዳንድ ደብዳቤ «በድርጅቱ የአሠራር ማስተካከያ ምክንያት» ብሎ ያልፍና በኋላ «እኛ በአንቀጽ 29 አላሰናበትንም» የሚል መልስ ይመጣል። ሌላው ዘዴ በመከፋፈል ማሰናበት ነው፤ ዛሬ 9፣ ከወር በኋላ 9። የተሰናበቱትን ሁሉ ስም፣ የሥራ መደብና የደብዳቤ ቀን በአንድ ዝርዝር መያዝ ለዚህ ይጠቅማል፤ ምክንያቱና ውሳኔው አንድ መሆኑን ያሳያል።

አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር ነበረበት። የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ያላቸው ይቀራሉ፤ በዚህ እኩል ሲሆኑ ቀድሞ የሚነካው አገልግሎቱ አጭር የሆነው፣ ከዚያም የጥገኞቹ ቁጥር ያነሰው ነው። በድርጅቱ ሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡሮች ወደ መጨረሻው የሚገፉ ናቸው። ሰባት ዓመት የሠሩት እርስዎ ወጥተው በዚያው መደብ አምና የተቀጠረ ሰው ቀርቶ ከሆነ አሠሪው የችሎታ ወይም የምርት መመዘኛውን በሰነድ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ይኼ ለምን ገንዘብ እንደሚነካ ልንገርዎት። ስንብቱ ሕገወጥ ነው ተብሎ ከተወሰነና ወደ ሥራ መመለሱ ከቀረ፣ አንቀጽ 43 ከስንብት ክፍያው በተጨማሪ የቀን ደመወዝ 180 ጊዜ ካሳና የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ክፍያ ይሰጣል፦ 56,000 + 108,000 + 36,000 = 200,000 ብር። ሕጋዊ ቅነሳ ነው ከተባለ ደግሞ 56,000 + 36,000 + 36,000 = 128,000 ብር። ፈቃዱ በሁለቱም ላይ ይጨመራል። 60 ቀኑና 180 ቀኑ አይደራረቡም፤ አንዱ ሕጋዊ ቅነሳን፣ ሌላው ሕገወጥ ስንብትን ተከትሎ የሚመጣ ነው። በክሱ ላይ ዋናውን ጥያቄ አስቀድሞ ሁለተኛውን «በአማራጭ» ማቅረብ ነው የሚሻለው። ሁለቱን በአንድ ላይ ደምሮ የሚጠይቅ አቤቱታ ራሱን ያዳክማል።

ማስጠንቀቂያ አለመሰጠቱ ብቻውን ግን ስንብቱን ሕገወጥ አያደርገውም። ምክንያቱ ሕጋዊ ሆኖ ማስጠንቀቂያው ብቻ ከጎደለ ውጤቱ የዚያን ጊዜ ደመወዝ መክፈል ነው። ብዙ ሰው በዚህ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የ180 ቀን ካሳ ይጠይቅና ይሸነፋል።

ጊዜውን ይጠብቁ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር፣ ከስንብቱ የመነጨ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ (በሕግ የተቀመጠ የመጠየቂያ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል። የእርስዎ የመጀመሪያው ሐምሌ 30 ቀን 2018፣ ሁለተኛው ጥቅምት 30 ቀን 2019 ላይ ያልቃል። መካከሉ ላይ የክረምቱ የፍርድ ቤት ዕረፍት ስላለ እስከ ጫፉ አይጠብቁ። ከሥራ አስኪያጁ ጋር በቃል መደራደር ይርጋውን አያቆመውም። የሚያቋርጡት ለሥራ ክርክር ችሎት የቀረበ ክስ፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው የሥራ ጉዳይ ቢሮ የቀረበ አቤቱታ፣ ወይም አሠሪው በጽሑፍ «ይገባሻል» ብሎ ማመኑ ናቸው። የስድስቱን ወር ጊዜ «ጥቂት ታገሱን፣ በጀት ሲለቀቅ» በሚል ቃል አሳልፈው የሚመጡ ሠራተኞችን ማየት ያሳዝናል፤ ሒሳባቸው ሁሉ ትክክል ሆኖ መብቱ ግን ሞቷል።

ለሚያነቡ ሌሎችም፦ የሥራ መሪዎች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። «ሥራ አስኪያጅ» የሚል ማዕረግ ብቻውን ሰውን የሥራ መሪ አያደርገውም፤ የድርጅቱን አመራር ፖሊሲ የማውጣት ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን በእርግጥ እንዳለው ነው የሚታየው።

ቲጂ ከሳሪስ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን አየሁት፣ «የሠራተኛ ቅነሳ» ብሎ በግልጽ ጽፏል። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ክሊራንስ ጨርሼ ገንዘቡን ልቀበል ስል «ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ዓይነት ክፍያ የለም» የሚል ቅጽ ፈርሚ ተባልኩ፤ ካልፈረምኩ ቼኩ አይሰጥም ብለዋል። ደግሞስ ከስንብት ላይ ግብርና ጡረታ ይቆረጣል?

ሒሳብ ሹም፦

ከግብሩ ልጀምር። የስንብት ክፍያ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ስለሆነ በገቢ ግብር አዋጁ መሠረት ግብር ይነሣበታል፤ በቅነሳ የተከፈለ መሆኑ ነፃ አያደርገውም። የጡረታ መዋጮ ግን የሚሰላው በወር ደመወዝ ላይ ነው። የሠራተኛው 7 በመቶ ከሚያዝያ ደመወዝሽ ላይ ይነሣል፤ ከ56,000ውና ከ36,000ው ስንብት ላይ 7 በመቶ ተቀንሶ ካየሽ አስተካክሉ በይ። የግብሩን ስሌት በተለየ ወረቀት ጠይቂ፣ ድርጅቱ ጋር ስትነጋገሪም ሁልጊዜ ግብር ባልተነሣበት ቁጥር ተነጋገሪ። አንዱ ወገን የተጣራ፣ ሌላው ያልተጣራ እያነሣ ሰዓታት ያልቃሉ።

«ጡረታ ስለተከፈለልሽ ስንብት የለሽም» የሚል ክርክርም ሊመጣ ይችላል። ጡረታ በስንብት ጉዳይ የሚጠቀሰው ሠራተኛው የጡረታ ዕድሜው ደርሶ ሲወጣ ባለው ምክንያት ላይ ነው። በቅነሳ የወጣ ሠራተኛ ስንብት አንቀጽ 39 ላይ ለብቻው ተጠቅሷል።

ችሎት ተመላላሽ፦

ቅጹን በተመለከተ፦ ሠራተኛ በሕግ የተሰጠውን መብት መተዉ ሕጋዊ ውጤት እንደሌለው አንቀጽ 25 ይደነግጋል። ያም ሆኖ የፈረሙት ወረቀት በችሎት ሲቀርብ «የተከፈለኝ ምን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር» ወደሚል አላስፈላጊ ክርክር ያስገባል። ስለዚህ ሳይፈርሙ መቀበል ከተቻለ ደረሰኝ ላይ ብቻ ይፈርሙ። መፈረም ግድ ከሆነ ከፊርማዎ በላይ በእጅዎ እንዲህ ይጻፉ፦ «ከላይ የተዘረዘረውን ብር ብቻ ተቀብያለሁ፤ የቀሪ ክፍያ ጥያቄዬ የተጠበቀ ነው»። ቀን ይጻፉበት፣ ከመስጠትዎ በፊት ፎቶ ያንሡት።

ቼኩን ማስያዣ ማድረጋቸው ራሱ ሕጉን ይጻረራል። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። መዘግየት የሚፈቀደው ሠራተኛው በእጁ ያለውን የድርጅቱን ንብረት በራሱ ጥፋት ሳይመልስ ሲቆይ ነው፤ ስለዚህ መቁረጫ፣ መታወቂያ፣ የሳጥን ቁልፍ ሳይቀር በርክክብ ወረቀት መልሰው ቅጂውን ይያዙ። በመጠኑ ላይ ባትስማሙም አሠሪው ያመነውን 96,600 ብር በዚሁ ጊዜ መክፈል አለበት፤ አንቀጽ 37 ለዚህ ነው የተጻፈው። ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ችሎቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ሊወስንበት ይችላል፤ በእርስዎ ደመወዝ እስከ 54,000 ብር ማለት ነው። ይኼን በማመልከቻዎ ላይ በጨዋ ቋንቋ ይጥቀሱት። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ይብቃው። የቅጥር ቀን፣ የመጨረሻ ደመወዝ፣ የተቋረጠበት ቀን፣ ከዚያ አራቱ ክፍያዎች ከነአንቀጻቸውና ከነስሌታቸው፣ መጨረሻ ላይ ልዩነቱ። በመዝገብ ቤት ገቢ አድርገው ቁጥርና ማኅተም ያለበትን ግልባጭ ይያዙ። አልቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላኩ። ከማመልከቻው ጋር የቅጥር ደብዳቤ፣ የመጨረሻዎቹ ወራት የደመወዝ ወረቀት፣ የቅነሳ ደብዳቤና የፈቃድ መዝገብ ይያያዝ። የቅጥር ደብዳቤው ከጠፋ የጡረታ መዋጮ መከፈል የጀመረበት ወር ጥሩ ማስረጃ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ ይጻፍበታል፣ ያ ራሱ የአሠሪው ቃል ነው።

ነቢል ከድሬ፦

ይቅርታ፣ በዚሁ ላይ ልጠይቅ። የእኛ ድርጅት ባለፈው ዓመት ለሌላ ባለቤት ተሽጧል። አሁን ሲቀንሱን አዲሱ ባለቤት አገልግሎታችንን ከሽያጩ ቀን ብቻ እየቆጠረ ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የስንብቱ በእኛ ነው።

የማኅበር ጸሐፊ፦

ወንድም ነቢል፣ የድርጅት መሸጥ፣ መቀላቀል ወይም መከፈል የሥራ ውልን አያቋርጥም፤ አንቀጽ 23 ነው። በሽያጩ ጊዜ ስንብት ተከፍሎህ እንደ አዲስ ካልተቀጠርክ በቀር ቆጠራው ከመጀመሪያው የቅጥር ቀንህ ነው። «አዲስ ውል ፈርማችኋል» ካሉ ወረቀቱን አውጥተህ እይ። ባለቤት ስለተለወጠ ብቻ የተፈረመ ውል ያለፈውን አገልግሎት አይሰርዝም።

ቀኑን በተመለከተ ሁለቱንም ወደ አንድ አቆጣጠር ሳትመልስ አትቀንስ። ዓመተ ምሕረቱን ብቻ እያዩ ከ2018 ላይ 2015 የሚቀንስ ሒሳብ ሠራተኛ አለ፤ አንዱ የፈረንጅ፣ አንዱ የእኛ ሲሆን የሰባት ወይም የስምንት ዓመት አገልግሎት በአንድ መስመር ይጠፋል። የፈረንጁ መጋቢት 2015 በእኛ 2007 ዓ.ም. ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ከመለስክ ዓመቱን 12 ወር አድርገህ ቁጠር፤ ጳጉሜን ለብቻዋ ደመወዝ እንደማይከፈልባት ሁሉ ለብቻዋ ወር ሆና አትቆጠርም።

ድርጅቱ ከሽያጩ በኋላ ወደ መዘጋት እየሄደ ከሆነ ደግሞ አትዘግይ። የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው፤ ነገር ግን ቅድሚያው የሚጠቅመው ንብረቱ ሳይሸሽ ጥያቄውን በጽሑፍ ላስመዘገበ ነው። ሁላችሁም የምትጠይቁትን መጠን በስም ዝርዝር አያይዛችሁ በአንድ ደብዳቤ ለድርጅቱ፣ ግልባጩን ለክፍሉ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አስገቡ።